ክቡር ሚስተር ፓርጌተር እና ወደ ግራ የምትስበው መኪናቸው

በእንግሊዝ አገር ያለ እሱ የቆመ መንደር የለም። ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ይችላል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሊያፈስ ይችላል፤ መጠጥ ቤቱ ተሽጦ የሰው መኖሪያ ሊሆን ይችላል። እሱ ግን አለ። ቅዳሜ ጠዋት በአጥሩ በኩል ስታልፉ ከአሮጌ የስፖርት መኪና ስር ሁለት እግሮች ብቻ ወጥተው ታያላችሁ፤ አንድ ጡረተኛም እዚያ ስር ተኝቶ ከራሱ ጋር ሲከራከር ትሰማላችሁ። ይህ ሰው መኪናውን ለባለሙያ ከሚሰጥ ኩላሊቱን ቢሰጥ ይቀለዋል። ኩላሊትስ ሁለት ነው ይላችኋል።

ለኛ መንደር ለኔዘርኮት የደረሱት ክቡር ሚስተር ዊልፍሬድ ፓርጌተር ናቸው። ቤታቸው ከቤቴ ቀጥሎ ነው። እኔ ሮላንድ እባላለሁ፤ በወረዳችን ጋዜጣ የኋላ ገጽ ላይ በየሳምንቱ የምነጫነጨው ሰው ነኝ። ፊት ለፊት ስንገናኝ አንተ እንባባላለን፤ እዚህ ግን አንቱ እላቸዋለሁ፤ ጋራዣቸው ውስጥ ገብቶ እሳቸውን የሚያቃልል ሰው ገና አልተወለደማ። ባለቤታቸውን ቤሪልን ደግሞ አንቱ ብላት በእጇ ያለውን ነገር ትወረውርብኛለች፤ ስለዚህ እሷን እንዲሁ ቤሪል እላታለሁ።

ክቡርነታቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመሬት ቀያሽ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው እርሻና የሰው አጥር ሲለኩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የሚለካ ነገር አለቀባቸው። እኔ እንደሚመስለኝ መኪናዋን የገዙት ለዚህ ነው። አረንጓዴ ናት፤ በጣም ዝቅ ያለች ናት፤ ውስጧ የተቀመጠ ሰው በመንገድ ከሚያልፍ ውሻ ጋር ዓይን ለዓይን ይተያያል። ጣሪያዋ ጨርቅ ነው፤ የሚያፈሰውም ሲዘንብ ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ ሌላ አንድ አመል አለባት፤ መሪዋን ለቀቅ ካደረጉላት ቀስ ብላ ወደ ግራ ትሄዳለች።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ፤ እኔ ሳልወድ በግዴ ተምሬዋለሁ። የመኪና ሁለቱ የፊት ጎማዎች ፍጹም ቀጥ ብለው ጎን ለጎን መቆም የለባቸውም። ከፊት በኩል በጣም በጥቂቱ መቀራረብ አለባቸው፤ ጫማው የጠበበው ሰው የእግሩን ጣቶች ወደ ውስጥ እንደሚያዞረው ማለት ነው። በጥቂቱ ስል ምን ያህል? የአንድ ፔኒ ሳንቲም ውፍረት። ከዚያ ከበለጠ ጎማው ይበላል፤ ካነሰ መኪናዋ መንገድ ላይ ትዋልላለች። በቃ ይኸው ነው። በከተማው ያለ የጎማ ቤት ይህንን በጨረር ለክቶ፣ ብሎኑን ዞር ዞር አድርጎ፣ በሃያ ደቂቃ ሠርቶ ይሰጣችኋል። እናንተም ሻይ ጠጥታችሁ ትሄዳላችሁ።

ይህንን አንድ ቀን ለክቡርነታቸው ነግሬያቸው ነበር። ምን ቆርጦኝ እንደሆነ እንጃ።

«ጨረር?» አሉኝ። «ሮላንድ፣ ጨረር መሬቱ ዘንበል ማለቱን በምን ያውቃል?»

«ወለሉ ትክክል ነው እኮ፣ የጎማ ቤት ነው።»

«ማን ለካው?»

የጎማ ቤቱን ወለል ማን እንደለካው በሕይወቴ ጠይቄ አላውቅም። ክቡርነታቸው በሳምንቱ ሄደው ውሃ ልካቸውን ወለሉ ላይ አስቀምጠው፣ ሠራተኞቹ እያዩአቸው በአራት እግራቸው ዳኸው፣ «ወደ በሩ ያዘነብላል» የሚል ፍርድ ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የጎማ ቤት ስም በፊታቸው አንስቼ አላውቅም።

እና የሳቸው ዘዴ ምንድን ነው? ክር ነው። የዓሣ ማጥመጃ ክር። ከመኪናዋ ፊትና ኋላ የብረት መቆሚያ ያቆማሉ፤ በግራና በቀኝ ክሩን ይወጥራሉ፤ ከዚያ ከክሩ እስከ ቸርኬው ጠርዝ ያለውን ርቀት፣ አንድ ጊዜ ከጎማው ፊት አንድ ጊዜ ከጎማው ኋላ፣ በብረት ማስመሪያ ይለካሉ። ጎማዎቹ ያለ ችግር ወዲያና ወዲህ እንዲንሸራተቱ ከያንዳንዱ ስር ሁለት ሁለት ስስ ቆርቆሮ ተደራርቦ ይገባል፤ በመሐሉ ስኳር ይነሰነሳል። ቆርቆሮዎቹ የቤሪል የኬክ መጋገሪያዎች ናቸው። ስኳሩም የቤሪል ነው። ስለዚህ እነ ፓርጌተር ቤት ኬክ ከተበላ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

መቆሚያዎቹ ግን አራት አይደሉም፤ ሦስት ናቸው። አራተኛው እኔ ነኝ።

«ክሩን አጥብቅ!» ይላሉ ከመኪናዋ ስር። «አትተንፍስ!»

ይህቺን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እግዜር ይወቀው። በቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ክር በጣቴ ይዤ፣ ያልተነፈስኩት ትንፋሽ ቢጠራቀም ከእንግሊዝ እስከ ፈረንሳይ ጠልቄ እዋኝበት ነበር። አንድ ጊዜ አስነጠሰኝ። አቤት የዚያን ቀን! ክቡርነታቸው ከመኪናዋ ስር ቀስ ብለው ወጡ፤ ማስመሪያውን አስቀመጡ፤ ዓይኔን ሳያዩ «የከሰዓቱ ሥራ አበቃ» አሉ። ለሦስት ቀን ሰላምታ ነፈጉኝ፤ በአራተኛው ቀን ደግሞ የአፍንጫ መድኃኒት በደብዳቤ ሳጥኔ ከትተውልኝ አገኘሁ።

የደብራችን ቄስ ለጣሪያው እርዳታ ሊለምኑ መጥተው የክር ጫፍ ተሰጥቷቸዋል። እንግዲህ እሳቸው ትንፋሽ ይዘው መጸለይ ይችሉ እንደሆነ አላውቅም፤ አርባ ደቂቃ ቆመው፣ ጣሪያውንም ረስተው ሄዱ። ሁልጊዜ ማታ ማታ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ ክቡርነታቸው አንድ ነገር ብቻ ይላሉ፦ «ጥቂት ናት የቀረችን።» ጥቂቷ በአሥራ አንድ ዓመት አላለቀችም።

እዚህ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ለምን እንደምል ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ክቡርነታቸውና ቤሪል ወደ ወንድማቸው ልጅ ሠርግ ይሄዱ ነበር። ቤሪል አዲስ ባርኔጣ አድርጋለች። ክቡርነታቸው የዚያን ሰሞን ጎማዎቹን በራሳቸው እጅ አስተካክለው ስለነበር ልባቸው አብጧል፤ «ቤሪል፣ እይልኝማ!» ብለው ሁለት እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሡ። መኪናዋም በጨዋ ደንብ፣ ሳትቸኩል፣ ወደ ግራ አዘነበለች፤ ቁጥቋጦውን አልፋ የአቶ ሃድልስተን ዳክዬዎች ኩሬ ውስጥ ገባች። ማንም አልተጎዳም። ባርኔጣው ግን ከዳክዬዎቹ ጋር ቀረ። ቤሪል እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ የተናገረችውን መንደሩ በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል።

«ዊልፍ፣ ይቺ መኪና ቀጥ ብላ እስክትሄድ ድረስ እዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም!»

አልተቀመጠችም። ቤሪል ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል ነርስ ነበረች፤ አንዴ የተናገረችውን የምታጥፍ ሰው አይደለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክቡርነታቸው ወደ የትም ሲሄዱ ብቻቸውን ናቸው። እሑድ ከሰዓት ጨርቁን ጣሪያ አጥፈው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ አጠገባቸው ባዶ ወንበር ይዘው በመንደሩ ሲያልፉ አያለሁ። እጃቸውን ያነሡልኛል። እኔም አነሣላቸዋለሁ። አንጀቴን ነው የሚበሉት፣ እውነቴን ነው የምላችሁ።

ዘንድሮ ደግሞ የባሰ መጣ። ልጃቸው ጊሊያን ሠላሳ ማይል ርቃ ነው የምትኖረው፤ ጉልበታቸው ሳይደክም አጠገቧ እንዲሆኑ ፈለገች፤ በነሐሴ መጨረሻ ወደ አንድ ፎቅ ቤት ሊገቡ ነው። ፎቁ ጋራዥ የለውም። ያለው የአንድ መኪና ማቆሚያ ብቻ ነው። በእነ ፓርጌተር ቤት ደግሞ ሁለት መኪና አለ፤ አረንጓዴዋና የቤሪል ትንሿ ግራጫ መኪና፤ ይቺኛዋ ሞቃት ናት፣ አታፈስም፣ ቀጥ ብላም ትሄዳለች። ከሁለት አንዷ መሸጥ አለባት። አረንጓዴዋን የሚፈልግ አንድ የጥርስ ሐኪም ተገኝቶ እሑድ ሊወስዳት ቀጠሮ ያዘ።

ክቡርነታቸው አልተከራከሩም። ያ ነው ያስደነገጠኝ። ለወለል መዝመም ከጎማ ቤት ሠራተኛ ጋር የሚጣሉ ሰው ለመኪናቸው አንድ ቃል አልተናገሩም። ወደ ጋራዡ ገቡና በሩን ዘጉ። ይህን ያየችው ቤሪል ናት፣ ወጥ ቤት መስኮት ላይ ሆና። ማታ እራት ላይ እንዲህ አለቻቸው፦

«ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ እቀመጥልሃለሁ። ከፖስታ ቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ፣ እጅህን ከመሪው አንሥተህ። ቀጥ ካለች ግራጫዋ ትሸጣለች። ወደ ግራ ካለች ግን የጥርስ ሐኪሙ ይውሰዳት። ሮላንድ ግንቡ ጋ ቆሞ ይፍረድ።»

«የተፈረመ ምስክርነት ያስፈልጋል» አሉ ክቡርነታቸው።

«ይፈርማል» አለች ቤሪል፤ እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም።

ሐሙስ ሙከራ አደረግን። እኔን አጠገባቸው አስቀምጠው እጃቸውን ለቀቁ፤ መኪናዋ ወደ ግራ ሄደች። እኔን አውርደው አንድ የአሸዋ ከረጢት በእኔ ቦታ አስቀመጡ፤ መኪናዋ ወደ ግራ እምብዛም አላለችም። እንደገና እኔን፤ ወደ ግራ። እንደገና ከረጢቱን፤ ደህና። ጋራዡ ስንመለስ ግንባሬን ቋጥሬ ጠየቅኋቸው።

«ይህ አሸዋ ምንድን ነው?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመኪናዋ መጽሐፍ ጎማዎቹ ሲለኩ ሁለቱም ወንበሮች ላይ ክብደት ይጫን ይላል። እኔን የሚያህል ከረጢት በኔ ወንበር፣ ቤሪልን የሚያህል ከረጢት በሷ ወንበር።»

«ቤሪልን የሚያህል?»

«ስምንት ስቶን ከአራት።»

በኪሎ ሃምሳ ሦስት ገደማ መሆኑ ነው። እንግዲህ እኔ ጨዋ ሰው ነኝ፤ ስለ ጎረቤቴ ሚስት ክብደት አስተያየት አልሰጥም። ግን ቤሪል ስምንት ስቶን ከአራት አይደለችም። ከረጢቱን ጠጋ ብዬ አየሁት። አንገቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘች ያረጀች ካርድ አለች፤ በየባሕር ዳሩ ሳንቲም ሲከቱባት ክብደት የምታትም ሚዛን ታወጣው የነበረ ዓይነት ነው። ቀኑ ከሠርጋቸው ሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አርባ ስድስት ዓመት አልፎታል።

«ዊልፍ!» አልኩ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መኪናዋን ስታስተካክል የነበረው ለሙሽራ ነው?»

«ሌላ ቁጥር የለኝማ።»

«ጠይቃታ!»

እንደዚያ ደንግጠው አይቻቸው አላውቅም። «ክብደትሽ ስንት ነው ብዬ? ለሚስቴ? ሮላንድ፣ አንተ ጤነኛ ነህ?»

ይኸውላችሁ እንግዲህ። የኢንችን አንድ አሥራ ስድስተኛ ለመለካት ትንፋሽ የሚከለክል ሰው፣ ወለልን በጉልበቱ እየዳኸ የሚመረምር ሰው፣ ሥራውን ሁሉ የሚያበላሸውን አንድ ቁጥር ለመጠየቅ አፈረ። እኔም ብሆን አልጠይቅም ነበር፤ እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሚስትን መጠየቅ ነውር ነው። ቤሪል ደግሞ ሠላሳ ዓመት የሰው ክብደት ስትመዘግብ የኖረች ሴት ናት፤ ብትጠየቅ ሻይዋን ሳታስቀምጥ ነው የምትናገረው።

ይህን እያልን ሳለ ቤሪል ራሷ ሻይና ብስኩት ይዛ ገባች፤ የቤት ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ነው። ሳህኑን የት እንደምታስቀምጥ ፈልጋ ወደ መኪናዋ ውስጥ አየች። ከረጢቱ ወንበሯ ላይ ተቀምጧል። ክቡርነታቸው ቀበቶ አስረውለታል።

«ዊልፍ፣ ወንበሬ ላይ የተቀመጠው ማነው?»

«አሸዋ ነው።»

«ቀበቶ ያሰረ አሸዋ?»

«እንዳይወድቅ ብዬ ነው።»

መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። ካርዷን አነበበች። እኔ ወደ በሩ ማፈግፈግ ጀመርኩ፤ በሩ ግን ሩቅ ነበር። ክቡርነታቸውም የሆነ ብሎን የጠፋቸው መስለው መኪናዋ ስር ገቡ። እግሮቻቸው ብቻ ቀሩ።

«ይቺን ካርድ ከየት አመጣሃት?» አለች ለእግሮቹ።

«ከቦርሳዬ።»

«መቼ ከተትካት?»

«ያኔውኑ፣ ሚዛኗ ጋ። አንቺ ልትጥያት ነበር።»

ሻዩ በቤሪል እጅ እየቀዘቀዘ ነው። «ታዲያ አሁን ስንት እንደሆንኩ ለምን አልጠየቅከኝም፣ አንተ ሰው?»

ከመኪናዋ ስር ድምፃቸው መጣ፣ ዝቅ ብሎ። «ለኔ ያው ነሽ።»

እኔ እዚያ ባልነበርኩ ብዬ ተመኘሁ። እንዲህ ያለ ነገር እኛ አገር ሰው ፊት አይባልም፤ ሰው በሌለበትም እምብዛም አይባልም። ክቡርነታቸውም መኪና ስር ባይሆኑ ኖሮ አይሉትም ነበር። ቤሪል ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምጿ ግን የነርስ ድምፅ ነው።

«ሮላንድ፣ ያንን ከረጢት አውርደው።»

አወረድኩት። እሷ የመኪናዋን በር ከፈተች፤ ጎንበስ አለች፤ በነጠላ ጫማዋ ገብታ ተቀመጠች። ከኩሬው ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። መኪናዋ በዚያ በኩል ዝቅ ስትል ሦስታችንም ሰማናት።

«ስንት ነሽ እንዳትለኝ» አለች። «ዝም ብለህ ለካ።»

ለካን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቤሪል ጉልበቷ ላይ የብስኩት ሳህን አድርጋ ተቀምጣለች፤ እኔ ተንበርክኬያለሁ፤ ክቡርነታቸው ከዚህ ጎማ ወደዚያ ጎማ ይድሃሉ። ከልማድ የተነሣ «አትተንፍስ!» ብለው ሲጮኹ እሷም ብስኩቷን አፏ ውስጥ እንዳቆመች ደርቃ ቀረች፤ ከዚያ «እኔንም ነው?» ብላ ስትጠይቅ እንደገና መጀመር ነበረብን። የፔኒ ሁለት እጥፍ ያህል ስህተት ተገኘ። ክቡርነታቸው የመሪውን ዘንግ የሚያስሩትን ዳዶዎች አላልተው፣ በግራም በቀኝም እኩል፣ ከአንድ ዙር ስምንተኛውን እጅ አዞሩ፤ መልሰው አጠበቁ። ለካን። አንድ ፔኒ ሆነ። ደግመን ለካን። አንድ ፔኒ።

ክቡርነታቸው ማስመሪያውን ይዘው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ። «ጥቂት ናት የቀረችን» አላሉም።

ቅዳሜ ጠዋት ደመናማ ነበር፤ ነፋስ የለም። እኔ በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ አጠገብ፣ በመንገዱ ግራ ዳር፣ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ቆምኩ። ጨነቀኝ። ለምን እንደሆነም አውቃለሁ። የኛ መንደር መንገድ የዝናቡ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ከመሐል ወደ ዳር ዘንበል ተደርጎ ነው የተሠራው። በግራ የሚነዳ መኪና፣ ጎማው የቱንም ያህል ቢስተካከል፣ እጅ ከለቀቁለት ቀስ በቀስ ወደ ግራ ይሄዳል። ይህንን አንድ የመሬት ቀያሽ ያጣዋል? አያጣውም። ግን ክቡርነታቸውን ስለዚህ ብትጠይቋቸው «በመንገድ የሚያሳብብ ሰነፍ መካኒክ ነው» ይሏችኋል።

ከሩቅ የሞተሩ ድምፅ መጣ። ጣሪያዋ ታጥፏል። ክቡርነታቸው ኮፍያቸውን አድርገዋል፤ አጠገባቸው ቤሪል፣ ጸጉሯን በሻሽ አስራ። ፖስታ ቤቱን ሲያልፉ ሁለት እጆች ወደ ላይ ወጡ። ክቡርነታቸው አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ሩቅ ሩቅ፣ ከኔም ወዲያ ማዶውን እያዩ መጡ። መኪናዋ ቀጥ አለች። የዳቦ ቤቱን አለፈች፤ ቀጥ። የትምህርት ቤቱን አጥር አለፈች፤ ቀጥ። ከዚያ፣ ግንቡ ሊደርሱ ሃያ እርምጃ ሲቀራቸው፣ የፊት ጎማዋ ወደ ሣሩ መሳብ ስትጀምር አየሁ። ቀስ ብላ። ጨዋ ናት፣ አትቸኩልም። ልቤ ቀጥ አለ። «ቤሪል፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አልኩ ለራሴ።

ቤሪል ዓይኗን አልጨፈነችም። ሹራቧን ጉልበቷ ላይ ደርባ ነበር። ከሹራቡ ስር አንድ ጣት፣ አንድ ብቻ፣ ወጥቶ የመሪውን ታችኛ ጠርዝ ነካ አደረገው። እኔ ቆሜ ቁልቁል ስለማይ ነው እንጂ ከዚያ ሌላ ቦታ የቆመ ሰው አያየውም። መኪናዋ ከሣሩ ተመለሰች። መስመሯን ይዛ፣ ቀጥ ብላ፣ በአጠገቤ አለፈችና ቆመች።

ይህን በጋዜጣ ማውጣቴ እንዳያሳስባችሁ። ክቡርነታቸው አንድም ጽሑፌን አንብበው አያውቁም፤ ጋዜጣችንን ዘይት እንዳይንጠባጠብ ከመኪናዋ ስር ያነጥፉታል።

«እ?» አሉኝ። እጆቻቸው አሁንም አየር ላይ ናቸው። ማውረዱን ረስተውታል።

ቤሪል ወደ እኔ አየች። ጣቷ ሹራቡ ስር ገብቷል። ፊቷ ላይ ልመናም ፈገግታም የለም፤ ለበሽተኛ የምሥራች እስኪነገር እንደምትጠብቅ ነርስ ብቻ ነው የምታየኝ። «ሮላንድ፣ ሰው ጠየቀህ እኮ» አለች። «ቀጥ አለች ወይስ አላለችም?»

እኔ በጋዜጣ ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፍ ስለ መዘጋጃ ቤቱ ሹማምንት፣ ስለ አውቶቡሱ ሰዓት፣ ስለ ራሴ ወንድም ሳይቀር ያለ ርኅራኄ እውነቱን ተናግሬያለሁ። ደብተሬን ከፈትኩ። «ከፖስታ ቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ፣ ያለ እጅ፣ ቀጥ ብላ ሄደች» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀኑን ጨመርኩ፤ ፈረምኩ። ወረቀቱን ቀድጄ ሰጠኋቸው። ክቡርነታቸው አነበቡት። ኮፍያቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉት። ወረቀቱን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«በይ እንግዲህ፣ ወደ ቤት እንዙር» አሉ በመጨረሻ። «ለጥርስ ሐኪሙ ልደውልለት።»

«አትዙር» አለች ቤሪል። «ንዳ።»

«ወዴት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? መኪናህ ቀጥ ብላ ትሄዳለች አይደል? ንዳዋ!»

ክቡርነታቸው እኔን አዩኝ፤ እሷን አዩ፤ ከዚያ እንደ ሃያ ዓመት ጎረምሳ ማርሹን አስገቡ። በኩርባው ጠፉ። መልሰው ይወስዱኛል ብዬ ጥቂት ጠበቅኩ፤ ወዲያው ወንበሩ ሁለት ብቻ መሆኑ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅኩ። ዝናብ ጀመረ። ጣሪያቸውን አልዘረጉትም፤ ይራሱ፣ ምን ቸገራቸው!

በእግሬ ተመለስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንዲያውም የማላውቀውን ሰው ሁሉ ሰላም እል ነበር። ቤታቸው ደጃፍ ስደርስ ግን አጥሩ ላይ ረቡዕ ዕለት የተተከለውን «ይህ ቤት ይሸጣል» የሚለውን ሰሌዳ አየሁትና ደስታዬ ውሃ ሆነ። ጀርባዬን ያሳመሙኝ፣ ትንፋሼን የከለከሉኝ፣ ቅዳሜዬን ሁሉ የበሉብኝ ሰው በነሐሴ ሠላሳ ማይል ርቀው ይሄዳሉ። እዚያ ቤት ጨረር የሚያምን፣ መኪናውን ለጎማ ቤት የሚሰጥ፣ ከጠዋት እስከ ማታ በሰላም የሚውል አንድ ደህና ሰው ይገባበታል። ያንን ሰው ገና ሳላየው ጠላሁት።

ግራና ቀኝ አየሁ። ሰው የለም። ሰሌዳውን ነቅዬ ከቁጥቋጦው ጀርባ ወረወርኩት። ሰኞ መጥተው መልሰው እንደሚተክሉት አውቃለሁ።